ትንሽ ደስታ ከንቱ ናትን?

ትልቁን ደስታ ማንም አይነቅፈውም። ልጅ ሲወለድ፥ የጠፋ ሰው ሲገኝ፥ እስረኛ ሲፈታ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የማይል የለም። ትንሿ ደስታ ግን ጠበቃ የላትም። ከምጣድ የወጣውን ትኩስ ዳቦ ቆርሶ መቅመስ፥ ሻይ አፍልቶ መቀመጥ፥ ከመኝታ በፊት አንድ የሲኒማ ታሪክ ማየት፥ ከጎረቤት ጋራ ስለ ነፋሱና ስለ ዝናቡ ማውራት፥ እነዚህን ሁሉ ዐዋቂ ነን የምንል ሰዎች «ጊዜ ማጥፊያ» ብለን በአንድ ቃል እናሰናብታቸዋለን። እኔም ሃምሳ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ ከአሰናባቾቹ ወገን ነበርሁ። አሁን ግን የፈረድሁት ፍርድ ተገልብጦብኛልና፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ እንዴት እንደ ተገለበጠ በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ የተሳሳትሁ ቢመስልህ አንተ ታርመኛለህ።

የምኖረው በጅጅጋ ነው። ከሐረር ተነሥቶ በባቢሌ በኩል፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ከቆመበት ከዳካታ ሸለቆ አልፎ፥ የካራማራን ተራራ የወጣ መንገደኛ ከወዲያ ማዶ ሰፊውን ሜዳ ያያል፤ ከተማይቱም በሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታየዋለች። ካራማራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የ1970 ዓ.ም.ን ጦርነት ነው፤ እውነትም ብዙ ደም የፈሰሰበት ስፍራ ነው። ነገር ግን በዚያው ተራራ ግርጌ ከጦርነት ሌላ ነገርም በየማለዳው ይሠራል። በሶማሌው ቤት ላሖሕ ይጋገራል፤ በአማራውና በኦሮሞው፥ በጉራጌውና በሐረሪው ቤትም እንጀራውና ዳቦው ይጋገራል። ጦርነቱን የጻፉ ብዙዎች ናቸው፤ የምጣዱን ነገር ግን ማንም ሊጽፈው አልተነሣም።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሁለት ልማድ አላት። አንደኛው መጋገር ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዱቄቱን ነፍታ፥ እርሾውን ጥላ፥ ጥቁር አዝሙድና ድምብላል ጨምራ ታቦካለች፤ ሊጡም ኩፍ እስኪል ድረስ አልብሳ ታስቀምጠዋለች። ኮባ በዚህ ከተማ እንደ ልብ ስለማይገኝ በምጣዱ ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፋ፥ ሊጡን ገልብጣ፥ በቅጠል ሸፍና፥ ከታችም ከላይም እሳት አድርጋ ድፎ ትደፋለች። ሁለተኛው ልማድዋ ዳቦው እስኪበስል ድረስ በኮምፒዩተርዋ የጃፓንን ሲኒማና የጃፓንን ቴሌቪዥን ማየት ነው። እኩዮችዋ ወደ ሶማልኛ የተመለሰውን የሕንድ ፊልም ወይም በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ያቀረበውን የቱርክ ታሪክ ሲወዱ፥ እርስዋ የምትወደው አብዛኛው ሰው «ምንም ነገር የማይሆንበት» የሚለውን ነው፤ ሰው ሲበላ፥ ሰው ሲያወራ፥ ባቡር ሲያልፍ፥ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ የሚታይበትን።

አንድ ቅዳሜ በራስዋ ላይ ቆሜ ገሠጽኋት። «ልጄ፥ ይህ ነገር ምን ይጠቅምሻል? ዳቦው ከገበያ ይገዛል። የማታውቂው አገር ሰው ሾርባውን ሲጠጣ ማየትስ ለነፍስሽ ነው ወይስ ለሥጋሽ? አገሩ በመከራ ላይ ሳለ ሰው በዳቦና በሥዕል ልቡን ሊያስደስት ይገባዋልን?» አልኋት። እርስዋም አልተቈጣችም። «አባባ፥ አንዱን ብቻ ከእኔ ጋራ ይመልከቱና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ፤ ሳያዩ መፍረድን እርስዎ አላስተማሩንም» አለችኝ። ልጅ አባትዋን በገዛ ትምህርቱ ስትይዘው ማምለጫ የለውምና ተቀመጥሁ።

ከሥር የሚወርደው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበረ፤ እርስዋ ወደ አማርኛ እየመለሰች ትነግረኛለች። አንዳንድ ጊዜም የነገሩን ምሥጢር «አንድም» እያለች ትጨምርበት ነበርና፥ በትርጓሜ ቤት ከመምህሬ እግር ሥር የተቀመጥሁ መሰለኝ።

ያሳየችኝ ሥራ ያሱጂሮ ኦዙ የሚባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው ነው። ስሙ «ኦሃዮ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «እንደምን አደርህ» እንደ ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በቶኪዮ ዳርቻ፥ ቤቶቹ ተጠጋግተው በተሠሩበት ሰፈር፥ ሚኖሩና ኢሳሙ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ልጆች አሉ። ዘመኑ ቴሌቪዥን ገና ብርቅ የሆነበት ነው፤ ልጆቹ የትግሉን ጨዋታ የሚያዩት በጎረቤት ቤት ነውና ለእኛም ይገዛልን ብለው ወላጆቻቸውን ያስቸግራሉ። አባትዬው «እናንተ ወሬ ታበዛላችሁ፤ ዝም በሉ» ብሎ ይቈጣል። ታላቁ ልጅም ይመልሳል፤ ወሬ የምታበዙትስ እናንተ ትልልቆቹ ናችሁ፤ እንደምን አደራችሁ፥ እንደምን አመሻችሁ፥ ቀኑ መልካም ነው ትላላችሁ፤ ይህ ሁሉ ፍሬ የሌለው ነገር ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ልጆች ተማምለው አፋቸውን ዘጉ። በቤትም፥ በመንገድም፥ በትምህርት ቤትም ለማንም አልናገር አሉ።

አንባቢ ሆይ፥ እውነቱን ልናገርና፥ እስከዚህ ድረስ የልጁ ክርክር የእኔ ክርክር ነበረ። እኔም ልጄን የጠየቅኋት ይህንኑ ነው፤ ፍሬው ምንድን ነው? ነገር ግን ታሪኩ ወዴት እንደ ሄደ ተመልከት። ልጆቹ አንዲቱን ጎረቤት በመንገድ አግኝተው ሰላምታ ሳይሰጡ አለፉ። ሴቲቱም «ልጆቹ ይህን ከራሳቸው አላመጡትም፤ እናታቸው በእኔ ላይ ቂም ይዛ አስተምራቸው ነው» ብላ አሰበች። ቀድሞ ስለ ሰፈሩ ሴቶች ማኅበር መዋጮ ጥቂት ሐሜት ነበረና፥ ያ ሐሜት እንደ እሳት ተራገበ፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተጠራጠሩ፥ የተበደሩትንም ዕቃ ይመላለሱ ጀመር። እነሆ፥ ፍሬ የለውም የተባለው «እንደምን አደራችሁ» በጠፋ ጊዜ ሰፈሩ ታመመ። ለልጆቹ እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ወጣትም እንዲህ ያለው ትርፍ ነገር ለዓለም ኑሮ እንደ ቅባት መሆኑን፥ እርሱ ቢቀር ኑሮ ጣዕም እንደሚያጣ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ያ ወጣት ራሱ የልጆቹን አክስት ይወዳታል፤ የሚወዳት መሆኑንም ሊነግራት አይችልም። በታሪኩ መጨረሻ ሁለቱ በባቡር ጣቢያ ቆመው ይነጋገራሉ፤ የሚነጋገሩትም ስለ ሰማዩ ማማርና ስለ ደመናው መልክ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ። «ልጄ፥ ይህማ ቅኔ ነው!» አልሁ። ሰሙ ሰማዩና ደመናው ነው፤ ወርቁ «እወድሻለሁ» «እወድሃለሁ» ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ የተወሰደ መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚሻውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያጋየው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ ቦታውም ባዶ ይቀራል፤ ወደዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስሳል። እንግዲህ ሰሙ ርካሽ ነው፥ ኋላም ይጠፋል፤ ነገር ግን እርሱ ባይኖር ወርቁ የሚገባበት ቅርጽ አያገኝም። ለተማሪዎቼ ይህን ስናገር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። በቅኔ የማውቀውን በቤቴ አላወቅሁትም ነበርና አፈርሁ። ልጄ የምትጋግረው ዳቦ፥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚለዋወጠው የነፋስና የዝናብ ወሬ፥ ሁሉም ሰም ነው። እኔ ሰሙን አይቼ ወርቅ አይደለም ብዬ ጣልሁት።

በዚህ በምንኖርበት አገርም ይህን የሚያስረዳ ምስክር አለ። ሶማሌው ሲገናኝ «ናበድ» ይላል፤ ሰላም ማለት ነው። ቀጥሎም «ዋረን» ይላል፤ ወሬህን ንገረኝ ማለት ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ የሥራ ፈት ወሬ ይመስለዋል። ነገር ግን ከብትና ግመል እየነዳ ውኃ በሌለበት ሜዳ ለሚሄድ ሰው ዝናቡ ወዴት ጣለ፥ ሣሩ የት በቀለ፥ ጉድጓዱ አልደረቀም ወይ፥ በመንገድ ጠብ የለም ወይ የሚለው ወሬ የሞትና የሕይወት ነገር ነው። የእኛም ባላገር ስለ ቤተ ሰቡ፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ አዝመራው አንድ በአንድ እየጠየቀ ሰላምታውን የሚያስረዝመው ቃል ስለ ተትረፈረፈው አይደለም። ሰላምታው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት አለህን? እኔስ በአንተ ዘንድ አለሁን?

ጃፓን ለእኛ አዲስ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደዚያ ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ምሁራን ወደ ጃፓን የሚመለከቱት ትምህርትዋንና ፋብሪካዋን፥ የጦር ኃይልዋንና የመንግሥት ሥርዓትዋን ፈልገው ነበረ። ይህም መልካም ምኞት ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ከጃፓን ወደ ጅጅጋ ወደ አንዲት ልጅ ክፍል የገባው መድፍ አይደለም፤ የአንድ ሰፈር ሰላምታና የአንድ ሳህን ምግብ ታሪክ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አብሬአት መቀመጥ ለመድሁ። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1984 የጃፓን ቴሌቪዥን በ297 ክፍል፥ እያንዳንዱን በ15 ደቂቃ ያቀረበውን የ«ኦሺን»ን ታሪክ ነገረችኝ፤ ከ60 በሚበልጡ አገሮችም ታይቶአል። ኦሺን በድኻ ገበሬ ቤት የተወለደች ሕፃን ናት። ቤተ ሰቡ ሩዙ እንዲበረክት ከነጭ ሥር ጋራ ቀላቅሎ ይበላል፤ እርስዋም በሰባት ዓመትዋ በአንድ ጆንያ ሩዝ ለአንድ ዓመት ግርድና ተሰጠች። ይህን ስሰማ በዋጃሌ በኩል ወደ ባሕር፥ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ለግርድና የሚሄዱትን እኅቶቻችንን አሰብሁ፤ በሰው ቤት የሰው እንጀራ የምትጋግር ልጅ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ጁዞ ኢታሚ እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራውን «ታምፖፖ» የሚባለውንም አሳየችኝ። ይህ ሥራ አንዲት ሴት መልካም የወጥ መረቅና ቀጭን ፓስታ መሥራትን እንዴት እንደ ተማረች የሚናገር፥ ግማሹ ቀልድ የሆነ፥ መልኩ እንግዳ የሆነ ሥራ ነው። በመካከሉ አንድ አጭር ነገር አለ። ልትሞት የምታጣጥር እናት ባልዋ ተነሺና ራት ሥሪ ሲላት ተነሥታ ሩዝ ጠበሰች፤ አቀረበችላቸው፤ ሲበሉ አይታ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ሞተች። ባልዋም እያለቀሰ ልጆቹን ይህ እናታችሁ የሠራችው የመጨረሻው ነውና ሳይቀዘቅዝ ብሉ አላቸው። ሳቅሁም፥ አለቀስሁም፤ የትኛው እንደ ቀደመ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ አንድ ሌላ የቴሌቪዥን ታሪክም አለ። በቶኪዮ በሺንጁኩ ከእኩለ ሌሊት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት የሚከፈት አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ነው። በፊቱ ላይ ጠባሳ ያለው ባለቤት በዝርዝሩ የጻፈው ምግብ አንድ ሾርባ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራበት ነገር በእጁ ካለ እንግዳው የለመነውን ሁሉ ይሠራለታል። የሚመጡትም በቀን ሰው የማይቀበላቸው፥ ወይም ወደ ቤታቸው መመለስ የከበዳቸው ናቸው። አንዳንዱም የሚለምነው የልጅነቱን ምግብ ነው።

ይህን ባየሁ ጊዜ የራሴ ልጅነት መጣብኝ። እኔ በጎጃም የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳዬን አንግቼ፥ በየደጁ ቆሜ ስለ እመቤታችን ስም ቁራሽ ስለምን ነው ያደግሁት። ውሻ ነክሶኛል፤ ብርድ መትቶኛል። ነገር ግን በየመንደሩ ስሜን የማያውቁ ሴቶች ለልጆቻቸው ከጋገሩት ላይ ቈርሰው ሰጥተውኛል። አንዲቱ ሴት ደግሞ ከምጣድ የወጣውን ትኩሱን እየመረጠች ትሰጠኝ ነበር፤ የደረቀ ቁራሽ ይበቃኝ ነበረ፥ ሊቀበለውም የተዘጋጀሁት እርሱን ነው። ትኩሱ ትርፍ ነበረ። ዛሬ የዚያን ዘመን የተራበ ሆዴን ረስቼዋለሁ፤ ያችን ትኩስ ቁራሽ ግን አልረሳኋትም። እንግዲህ የቈጠርሁት ቅኔ ሁሉ በማላውቃቸው ሴቶች ሊጥ የቦካ ከሆነ፥ ሸምግዬ ልጄን «መጋገር ምን ይጠቅማል» ማለቴ ውለታ መካድ አይደለምን?

አሁን ልናገረው የሚከብደኝን ልናገር። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ 28 ቀን በጅጅጋ ሁከት ተነሣ። ሰዎች ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ከሞቱት ውስጥ ካህናት ነበሩ፤ ሱቆች ተዘረፉ፤ ብዙ ሰውም ቤቱን ጥሎ ሸሸ። የዚያን ቀን ነገር በዚህ ልዘረዝር አልነሣሁም። እኛን ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን፥ የሶማሌ ባልቴት፥ በቤታቸው አስገብተው ሸሸጉን። «ወላል፥ ግባ» አሉኝ፤ ወንድሜ፥ ግባ ማለት ነው። በጨለማ ክፍል ተቀመጥን። ልጄ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፍዋን ዘጋች፤ አልበላም፥ አልናገርም አለች። እናትዋ ለመነቻት፤ እኔ ጸለይሁላት፤ መከርኋትም። ሁሉም አልሆነም።

በሦስተኛው ማለዳ ባልቴቲቱ ሌሊቱን ያቦኩትን ሊጥ አወጡ። የእኛ እንጀራ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መካከል ይመጣል፤ የእርሳቸው ላሖሕ ከመካከል ተጀምሮ እየዞረ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ሁለቱም ሲበስሉ ያው አንድ ዓይነት ዓይን ያወጣሉ። ልጄ ዓይኖቹ ሲወጡ ትመለከት ነበር። ባልቴቲቱ የሰሊጥ ዘይት አፈሰሱበትና በፊትዋ አኖሩላት፤ ሄልና ቀረፋ የገባበት ሻይም ቀዱላት። ልጄም በሦስት ቀን የመጀመሪያውን ቃል ተናገረች፤ «ስኳር አለ?» አለች። እናትዋ አለቀሰች። ባልቴቲቱ ሳቁና እፍኝ ስኳር በተኑላት። እኔ ግን፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፥ በልቤ ተቈጣሁ። ሰው በሞተበት፥ መቅደስ በተቃጠለበት ቀን ስለ ስኳር ትጠይቃለችን? አልሁ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ የዚያን የሲኒማ ፍጻሜ ባየሁ ማታ፥ የልጄ ቃል ተፈታልኝ። ስኳሩ ሰም ነበረ። ወርቁ «ልኖር ነው» ነበረ። ከእርስዋም ስለዚያ ሰሞን ጠየቅኋት፤ «አባባ፥ ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ የአዬዮን ላሖሕ ግን አልረሳሁትም» አለችኝ። አዬዮ ማለት በሶማልኛ አያቴ ማለት ነው፤ ባልቴቲቱን እስከ ዛሬ የምትጠራቸው እንዲህ ብላ ነው።

ነቢዩ ኤልያስም ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ የተላከለት መልአክ አስቀድሞ አልገሠጸውም፥ ነገረ ሃይማኖትም አላስተማረውም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አኑሮለት፥ ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፥ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀሰቀሰውና አበላው። ታላቁ ነገር፥ የኮሬብ ተራራና ረቂቁ ድምፅ፥ የመጣው ከእንጎቻው በኋላ ነው። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! እንጎቻውን ግን እንደ መንገድ ስንቅ ብቻ አልፌው ነበር።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ቢል መልስ ይገባዋል፤ «ለሞተ ሰው ላሖሕ ምን ያደርግለታል? ግፍ በተሠራበት አገር በዳቦ መጽናናት ግፉን ማስረሳት አይደለምን?» ብርቱ ክርክር ነው፤ በቀላል ቃል አላልፈውም። ትንሽ ደስታ የደም ካሣ ልትሆን አትችልም። ላሖሕ የሞቱትን አላስነሣም፤ የተቃጠለውንም አልሠራም፤ ፍርድ ለፈራጅ የተተወ ነገር ነው፥ ሊደረግም ይገባዋል። «ዳቦ ብላና ተወው» የሚል ሰው ዳቦውን ያረክሰዋል። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ያች ልጅ ባትበላና ባትናገር ኖሮ ለእርስዋ ፍርድ ቢደረግ ማን ይቀበለው ነበር? መጽናናት በፍርድ ፈንታ የሚሰጥ አይደለም፤ ፍርድን እስኪያይ ድረስ ሰው ሰው ሆኖ እንዲቈይ የሚሰጥ ነው። ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ከአጥር ወዲያ የመጣው ላሖሕ ባይኖር ኖሮ በልጄ ልብ ሶማሌ ማለት የዚያ ቀን እሳት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። አሁን ግን እሳቱ የጥቂቶች ሥራ፥ ላሖሑ የአያትዋ ሥራ ሆኖ ተለይቶ ተቀምጦአል። ይህን መለየት የእኔ ስብከት ሊያደርገው አልቻለም።

ሌላውም ሰው «ይህ የጥጋበኛ ነገር ነው፤ ድኻ ትንሽ ደስታን ከየት ያመጣዋል?» ይላል። እኔ ግን ትንሽ መባልዋ ራሱ ለድኻ የቀረበች መሆንዋን ያሳያል እላለሁ። ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ በቀብሪ በያሕ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ኋላም በአውበሬና በሸደር፥ ከሶማልያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሰፍረዋል። ለስደተኛ በሚዛን ተለክቶ የሚታደለው ስንዴ ነው። ስንዴው ነፍስን ያቈያል። ስንዴው ላሖሕ የሚሆነው ግን እናት ሌሊት አቡክታ፥ ጧት ጋግራ፥ ልጆችዋን ስትጠራ ነው። ሚዛኑ ያላወቀው አንድ ነገር በመካከል ተጨምሮአል። ያን የተጨመረውን ነገር «ትርፍ ነው» የሚል ሰው ስደተኛውን እንደ ጎተራ ቈጥሮታል እንጂ እንደ ሰው አልቈጠረውም።

ሦስተኛው ክርክር የሚበረታው ነው፤ «ሰው በዚህ ሰበብ ይሰንፋል፤ ሌሊቱን ሁሉ ሲኒማ ሲያይ ያድራል፤ በአንድ ቤት አራት ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱ የየራሱን ስልክ ይመለከታል» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። በዚያ ቤት ያሉት ሰዎች የኦዙን ልጆች ይመስላሉ፤ ልዩነቱ ልጆቹ ቴሌቪዥን እንዲገዛላቸው ብለው ዝም ማለታቸው፥ እነዚህ ግን ስለ ተገዛላቸው ዝም ማለታቸው ነው። ስለዚህ ትንሽ ደስታ ሁሉ መልካም ናት አልልም። ወርቅ የማይገባበት ሰም አለ፤ እርሱ ቀልጦ ይቀራል። እኔ ያገኘሁት መለኪያ ከምጣዱ የተማርሁት ነው፤ ይቈረሳልን? ዳቦ የሚጋገረው ሊቈረስ ነው። አንድ ደስታ ለሌላው ሰው ቁራሽ የሚወጣላት ከሆነች፥ በዚያው ማታ ወይም ከዓመታት በኋላ፥ ያች ደስታ ሰም ናት ወርቅም አለባት። ለማንም የማትቈረስ ከሆነች ግን በቤት የተጋገረች ብትሆንም፥ ጥበብ የሞላባት ሲኒማ ብትሆንም፥ ከንቱ ናት። ልጄ ያን ታሪክ ብቻዋን ብታየውም ለእኔ ቈርሳልኛለችና ነቀፋዬን መልሼ ወስጃለሁ።

ኦዙ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1963፥ በተወለደበት ቀን፥ ልክ 60 ዓመት ሲሞላው ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙ አልተጻፈም፤ «ባዶ» ወይም «ምንም» የሚል አንድ ፊደል ብቻ ተቀርጾበታል። ሰሎሞንም ሁሉን መርምሮ ከንቱ ነው ካለ በኋላ ሰውን እንጀራውን በደስታ እንዲበላ መክሮታል። ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር። አሁን ግን ሁሉ የሚያልፍ መሆኑን ያወቀ ሰው ነው በፊቱ የቀረበውን ትኩስ ነገር ሳይቀዘቅዝ የሚቈርሰው እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ድፎውን አወጣች። ከቤት ሰው አስቀድማ አንድ ቁራሽ በሳህን አድርጋ ለአዬዮ ውሰዱላቸው ብላ ሰጠችኝ። እኔም፥ የቅኔ መምህር፥ ሳህን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድሁ። ባልቴቲቱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሞአል። «ናበድ» አሉኝ፤ «ሰላም ነው፥ እናቴ» አልኋቸው። ሳህኑን ባዶውን አልመለሱትም፤ ከማለዳው የተረፈ ሁለት ላሖሕ አኖሩበት። ከዚያ ቆመን ስለ ነፋሱ ተነጋገርን፤ ዘንድሮ በርትቶአል፥ ዝናብ ያመጣ ይሆናል አሉ፤ እኔም ያመጣ ይሆናል አልሁ።